ሁለት ገመድ ለአንድ ስክሪን

ኮፒው አሥራ ሁለት በመቶ ደርሷል። በክፍሉ ውስጥ ይህን በልቡ አስልቶ የሚያውቀው ዘገየ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ኳስ ያያሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጭሮ፣ የነጋዴው የአቶ ጀምበሩ ሳሎን። ጀምበሩና ሁለት ሾፌሮቹ ትራስ ተደግፈው ጫት ይቅማሉ። ፊታቸው ያለው ስክሪን የቢሮ ሞኒተር ነው። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ቴሌቪዥን ተቃጠለና «ዲሽ ሠሪው ይምጣ!» ተብሎ ዘገየ ተጠራ። ያቃጠለው ራሱ ዘገየ መሆኑን ማን ይጠርጥር? የከተማው ግማሽ ጣሪያ ላይ የወጣ፣ ደንበኛ አክባሪ ባለሙያ ነው።

«ሌላ እስኪገዙ ሁለቱንም እዚሁ ሞኒተር ላይ ላገናኝልዎት፣ ጋሼ» ብሎ ነበር። «ኮምፒውተሩን በአንዱ ገመድ፣ ሪሲቨሩን በሌላው። ከታች ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ ኳስ፣ መልሰው ሲጫኑ ሥራ።»

ጀምበሩን ደስ አለው። ስክሪኑ ኳስ ሲያሳይ ኮምፒውተሩ ሥራ እንደማይፈታ አላሰበበትም። አሁን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ተሰክታ ፋይሎቹን ትቀዳለች።

ዘገየ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ «አንቴና» ይለዋል። አሥራ አራት ወር ሙሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ጀምበሩ «ዓረብ አገር እልካችኋለሁ» እያለ ከበደሳ ከተማና ከየገጠሩ የሰበሰባቸው ልጆች የት እንደተቆለፈባቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። ነገ ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕሩ ይነዳሉ። የልጆቹ ዝርዝርና የመጋዘኖቹ ቦታ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ዝርዝሩን የምትጽፈው የጀምበሩ የወንድም ልጅ፣ ሮማነወርቅ ናት።

ዘገየ ሽማግሌ የላከባት ልጅ።

«ሽማግሌ ላክ፤ ቤቱ ይከፈትልሃል» ብሎ ያዘዘው አለቃው እንዳሻው ነበር። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በሌለ ስም ለመኑለት፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ዘገየ ግን ከትእዛዙ አልፎ ሄደ። ወደዳት። እንደ ጅል ወደዳት።

ሃምሳ ስምንት በመቶ መድረስ አለበት ብሎ ሲገምት፣ መብራት ጠፋ።

«አቦ! አሁን ነው የሚጠፋው?» አለ ሳቢት፣ አንደኛው ሾፌር።

ዘገየ ለዚህ ተዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ፣ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ስላለው አይጠፋም። ሞኒተሩን ግን ሆን ብሎ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶታል፤ ይጨልማል። መብራት ሲመለስ ሪሲቨሩ አብሮ ይነሣል፣ ኳሱ ይቀጥላል።

ዩፒኤሱ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ጀምበሩ ቆጣሪውን ሊያይ ወጣ። ሳቢት ተነሣና የሪሲቨሩን ሶኬት ነቀለ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ዘገየ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን? ‹መብራት ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ሪሲቨሩን ያቃጥለዋል፣ ንቀሉ› ያልከን! ወላሂ ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። ዘገየ በገባበት ቤት ሁሉ ይህንኑ ሲመክር ከርሟል። ሁሉን ነገር ሲያሰላ የገዛ ምክሩን ረሳ። ሪሲቨሩ ከተነቀለ ሞኒተሩ ምስል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ።

መብራት መጣ።

ስክሪኑ ለአፍታ እንደጠቆረ ቆየ፣ ከዚያም ቦግ አለ። ኳስ የለም። የፋይል ስሞች ይወርዳሉ፦ አሰቦት መጋዘን አንድ፣ አሰቦት መጋዘን ሁለት። ሰባ ዘጠኝ በመቶ።

ሮማነወርቅ ፔርሙስ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ስክሪኑን አየች። ፍላሿን አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

በረንዳው ላይ የጀምበሩ ጫማ ተሰማ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሳቢት አንገቱን አስግጎ።

ሮማነወርቅ ፔርሙሱን አስቀምጣ ስክሪኑ ፊት ቆመችና ከታች ያለችውን ቁልፍ ተጫነች።

«የኔ ሥራ ነው። ሳላጠፋው ትቼው ኖሯል። አንተ ሪሲቨሩን ነቅለህ ኳሱ ከየት ይምጣ?»

ሳቢት ሳቀና ሰካው። ጀምበሩ ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ «ስንት ለስንት ሆኑ?» አለ።

ኳሱ ሲያልቅ ዘገየ ዕቃውን ከነፍላሿ ሰብስቦ ወጣ። ሮማነወርቅ ግቢው በር ላይ ጠበቀችው።

«ስምህ ማን ነው?»

ዘገየ የዕቃ ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

«እሺ፣ እሱን ተወው። ልጆቹ ይወጣሉ?»

«ዛሬውኑ።»

«አጎቴ ለእርሻ ሥራ ነው የሚሄዱት ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ አንዲት እናት መጥታ እዚህ በር ላይ መሬት ስትቧጥጥ ነው የገባኝ። ለማን እንደምናገር አላወቅኩም።» የበሩን መወርወሪያ ያዘች። «ሽማግሌዎቹስ? እነሱም ለሥራ ነው የመጡት?»

«መጀመሪያ ላይ አዎ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሊነግራት አፉን ሲከፍት በሩን ዘጋችበት።

እንዳሻው ጫት ተራው አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። የጭሮ ሰው የሚያውቀው ከሌላ ክልል ተመድቦ እንደመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

«ሪሞት አለህ?» አለ እንዳሻው፤ የመለያ ቃላቸው ነው።

«አለ። ባትሪ የለውም።»

አሮጌው ሪሞት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በባትሪው ቦታ ፍላሿ አለች።

«ሮማነወርቅ ነች ያዳነችኝ» አለ ዘገየ። «ዝርዝሩ ግርጌ ግን ‹ያዘጋጀው› ብላ ስሟን ጽፋለች። ኮሌጅ የተማረችው እንደዚያ ነው፤ አዘጋጁ ያልተጻፈበት ወረቀት ከእጄ አይወጣም ትላለች።»

«አንነካትም። ቃሌ ነው።»

አመነው። ሌላ የሚያምነው ሰው አልነበረውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋዘኖቹ ተሰበሩ። ሠላሳ አንዱም ወጡ፤ ትንሿ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ጀምበሩ እንደ ወትሮው ሱቁን ከፈተ።

ሮማነወርቅ ታሰረች።

ዘገየ ደወለ። «ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ጀምበሩ ከኛ ጋር መሥራት ጀምሯል» አለ እንዳሻው። «ከበላዩ ያሉትን ያሳየናል። እሱ ስሙን የትም አልጻፈም፤ የጻፈችው እሷ ናት። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ይፈልጋል።»

«ቃል ሰጥተኸኝ ነበር!»

«ላንተ? አንተ እኮ የለህም።» እንዳሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፍህን ከከፈትክ እዚያው የደላሎቹ መስመር ላይ በስውር የሚሠሩት ሁለት ልጆቻችን ይታረዳሉ። ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

ከሦስት ወር በኋላ ትእዛዝ ጥሶ ጭሮ ተመለሰ። ራሱን ተላጭቷል፣ መነጽር አድርጓል። ችሎቱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሮማነወርቅ የቆጠረችው የመከላከያ ምስክር አንድ ብቻ ነው፦ ዘገየ፣ ዲሽ ሠሪ። ፖሊስ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም፣ መታወቂያውም መዝገብ ላይ የለም ብሏል።

ጠሪው በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ።

ዘገየ ከወንበሩ ሊነሣ ጀመረ። መስመሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ባልደረቦቹን አሰበ። ተቀመጠ።

«ምስክርሽ መጥቷል?» አሉ ዳኛው።

ዞር አለች። ዓይኗ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አለፈ፣ እሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለየችው። ብትጠቁመው በወደደ ነበር። ጠቁሚኝ፣ አንቺ ጠቁሚኝና ልገላገል አለ በልቡ።

«አልመጣም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች። ከዚያ በኋላ አላየችውም።

ሰባት ዓመት ተፈረደባት።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ስም ሲመዘግብ መሥሪያ ቤቱም የማያውቀውን ስም ሰጠው። አሰቦትን አልፈው የአዋሽ ሜዳ ሲጀምር አለቀሰ፤ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ትከሻውን ነካ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ» አሉት፤ ማን እንደሞተበት ግን አልጠየቁትም።