ሰማያዊው ጨው

አቶ ደረሰ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባበት ማለዳ፣ ሚኒሶታ፣ ሲዋርድ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው የጓሮ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። የጭንቅላታቸው ጀርባ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። የመኪና ቁልፍ በግራ እጃቸው ጨብጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ከትከሻ ቀዶ ጥገናው ወዲህ በአንገታቸው እንደታሰረ ነው።

የፖሊስ መርማሪዋ ሰልሰቢል ተረኛ ነበረች፤ አማርኛ ስለምትችልም ሌላ የሚላክ ሰው አልነበረም። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ቁጢጥ ብላ በረዶውን በጓንቷ ዳሰሰችው። ከበሩ ጀምሮ እየሰፋ የወረደ፣ እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የበረዶ ማቅለጫው ሰማያዊ ጨው በደረጃው ግራና ቀኝ ተጠርጎ ተከምሯል።

ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፦ የሟች ሚስት ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ምድር ቤቱን የተከራየው ያሬድ፣ ለበዓሉ በረዶ ከማያውቃት ከታምፓ የመጡት የሟች አብሮ አደግ አቶ ኦላና።

«እሱ ነው የገደለው!» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ያሬድ እየጠቆሙ። «ጨው መበተን የሱ ሥራ ነው። አንዲት ሥራ!»

«በትኛለሁ እህቴ» አለ ያሬድ ለመርማሪዋ። «ማታ ከሥራ ስገባ በትኜ ነው የተኛሁት። የጥገኝነት ኬዜ ገና አላለቀም። አሁን ክስ ከመጣብኝ አለቀልኝ።»

«እርስዎ ማታ ምን ሰሙ?» አለቻቸው ሚስትየዋን።

«በጊዜ ተኛሁ። የኔ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ይሄ የሱ የኩባ ጣጣ ነው፤ ወይን ሲበላ፣ የዓመቱን ክፉ ይዞ ይሂድ እያለ ባኞ ቤት ውሃ ሲደፋ…»

ጠረጴዛው ላይ ፍሬው ያለቀ የወይን ዘለላ የያዙ ሁለት ሳህኖች አሉ። ከጓሮው በር አጠገብ ባዶ ባልዲ ቆሟል።

«ጋሼ ኦላና፣ ኩባ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት?»

«አባቶቻችን ኦጋዴን ላይ ሲሞቱ በመርከብ ወሰዱን። የወጣቶች ደሴት ይባላል። ግማሽ ቀን ብርቱካን እንለቅማለን፣ ግማሽ ቀን እንማራለን።»

«አዲስ ዓመትስ?»

«እኩለ ሌሊት ላይ፣ በየደወሉ አንድ የወይን ፍሬ እንበላለን። ከዚያ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ…» አቶ ኦላና ዓይናቸውን ከባልዲው አሸሹ። «እኔ ማታ ቀድሜ ነው የተኛሁት።»

ሰልሰቢል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለመቆም ደክሟታል።

«ያሬድ ጨው በትኗል፤ ባይበትን ጥግ ላይ ተጠርጎ አላገኘውም ነበር። የሚንጠባጠብ ውሃ ጨው አይጠርግም፤ በአንዴ የተደፋ ነው የሚጠርገው። የተደፋው ደግሞ ከዚህ በር ነው። ሚኒሶታ የከረመ ሰው በክረምት ደጁ ላይ ውሃ አይደፋም። አቶ ደረሰም ባኞ ቤት የሚደፉት ለዚህ ነው፤ በአንድ እጅም ሙሉ ባልዲ አይወረወርም። የቀረው ክረምታችንን የማያውቅ፣ ከሁለተኛው ሳህን የበላ ሰው ነው።»

አቶ ኦላና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ትከሻውን አመመው። ‹ዘንድሮ አንተ ድፋልኝ› አለኝ። የት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስመለስ ‹ደፋኸው?› አለኝ። ‹ደፋሁት› አልኩት። ደስ ብሎት ተኛ። ጠዋት እኔን ኤርፖርት ሊያደርስ፣ መኪና ሊያሞቅ ወጣ።»

«እኔ ይሄን ልጅ ስወነጅል ዝም ብለህ ትሰማለህ፣ ኦላና?»

«ፈራሁ፣ ብዙዬ።»

ሰልሰቢል ወደ ያሬድ ዞረች። «ያንተ ጥፋት የለበትም። ሂድና ተኛ።»

ያሬድ አልተኛም። «ደረጃውን ፎቶ አንሥታችሁ ጨረሳችሁ?» አለ። ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ የጨውን ከረጢት አንሥቶ ወጣ፤ አቶ ደረሰን የሚሸከሙት ሰዎች የሚያልፉት በዚያው በኩል ነው።