ስሙን የጠራሁ ቀን

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ዓይኔ ያየውን ነው የምነግራችሁ... ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቦታው የባሌ ወላጆች ቤት።

ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ አምላካችንም አንድ። የሚለያየን ስሙን መጥራቱ ነው።

የእኔ ቤተሰቦች «ጠሪዎች» ይባላሉ። ሰው ሊሞት ሲል የአምላክን ስም ጆሮው ላይ ካልጠሩለት ነፍሱ መንገድ ይጠፋታል ብለው ያምናሉ።

ባሌ ከ«ዝምተኞቹ» ነው። እነሱ ዘንድ ስሙ ከአፍ አይወጣም። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ የባሌን እናት ጠይቄያቸው ነበር።

«ሲጠራ የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም» አሉኝና ወሬ ቀየሩ።

ያን እሁድ የባሌ አባት እያጣጣሩ ነበር። አባባ ነበር የምላቸው፤ ከወለደኝ አባት አይተናነሱም። እንዲያው ስሙ ሳይጠራላቸው ሲሄዱ ማየት አንጀቴ አልቻለም።

እማማ፣ የባሌ እናት፣ ውሃ ሊያመጡ ወጡ።

ጎንበስ ብዬ ስሙን ጠራሁ።

ማቃሰቱ ቆመ...

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። «ራበኝ» አሉ።

ባሌ ከሳሎን ሮጦ መጥቶ በደስታ አለቀሰ። ደግፎ ሳሎን ወሰዳቸው፣ ሾርባ አቀረበ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር... መጀመሪያ ላይ።

አባባ ግራኝ ናቸው። ማንኪያውን በቀኝ ያዙ።

የሚፋጀውን ሾርባ እፍ ሳይሉ ዋጡት።

እማማ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቡኝ።

«ጠራሽው?»

ወደ ሳሎኑ ዞር አልኩ።

«ልጄ... ጠራሽው ወይ?»

«አዎ።»

አልተቆጡም። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ። ወደ መኝታ ክፍሉ አስገቡኝና በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

አባባ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። ግንባራቸውን ነካሁ... በድን ነው።

ከሳሎን የባሌ ሳቅ ይሰማል። ወንበር ተገፋ። ኮቴው እየቀረበ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

በአባባ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

«አንቺ ስትጠሪኝ መጥቼ የለ? እኔ ስጠራሽስ?»

እማማ በአንድ እጃቸው የሟቹን ዓይን፣ በሌላው የእኔን አፍ ከደኑ። ኮቴው እስኪርቅ እንደዚያው ቆየን።

ስንወጣ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ባሌ ብቻውን ተቀምጧል። በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን፣ እኔ የጠራሁትን ስም በሹክሹክታ ይጠራል... ደጅ ደጁን እያየ፣ ደጋግሞ ይጠራል።