ወደ በሩ የዞረ ጫማ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር የጆሮ ማዳመጫዬን የምሰካ ሰው ነኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹ ሰዎች እገሌ ሕልም አየ፣ እገሊት ድምፅ ሰማች እያሉ ሲጫወቱ ወንድሜ ብሩክ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ፣ ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ እስቅበት ነበር። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ደግሞ ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ እዚያው ላይ የቆምኩ ነኝ፣ ቃል ሲጠፋኝ ታገሡኝ።

ብሩክ ታላቄ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ባለቀ ሰሞን፣ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ፣ እዚህ ኦስሎ፣ ሞርተንሩድ ባና ጣቢያ ላይ ወደቀ፣ ባና የምንለው የከተማውን ባቡር ነው። ልቡ ነው አሉን። ከዚያ በላይ የነገረን የለም።

አንድ ልማድ ነበረው፣ ይኼን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚያያዘው። ከቤት ከሁላችንም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነበር፣ ሲወጣም የእኔንና የእማዬን ጫማ አፋቸውን ወደ በሩ ያዞራቸዋል፣ የእኔን ደግሞ ክራቫት እንደሚያስር ሰው ተጠንቅቆ ክሩን ወደ ውስጥ ይከትተዋል፣ ነቅተን እግራችንን ብቻ አስገብተን እንድንሮጥ። እማዬ አትወድም። «ጫማ ወደ በር አይዞርም፣ መንገደኛ ታደርገናለህ!» ትለዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ «እማ፣ ባናው እኮ አይጠብቅም» ይላታል። በየቀኑ ይኼው ነው።

ሥራው ጽዳት ነበር። ከተማው መሃል አንድ አሮጌ ቤት አለ፣ ድሮ የአንድ መንፈሳዊ ማኅበር ነበር፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ወንድም ስለሚባባሉ እስከ ዛሬ «የወንድሞች ቤት» ይባላል፣ ውስጡ ከጣሪያ እስከ ወለል የሬኔሳንስ ዘመን ሥዕል ነው፣ አንድ ባለመርከብ አባል ከጣልያን አገር አምጥቶላቸው ነው ይባላል። አሁን ሰው እየከፈለ ይጎበኘዋል። ብሩክ ስንት ጊዜ «ና ላሳይህ» አለኝ፣ እኔ ሥዕል ምን ያደርግልኛል እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።

የሄድኩት በጽዋዋ ምክንያት ነው። ብሩክ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አባል ነበር፣ ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ተራው ደርሶት ጽዋዋን አነሳ፣ በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኛውን እኛ ቤት ሊጠራ ማለት ነው። ትንሽ የሸክላ ጽዋ ናት፣ አንዲት እናት ከአገር ቤት በእጃቸው ይዘዋት የመጡት፣ መስቀል በተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ነው ከቤት ቤት የምትሄደው። እሱ ሲሞት የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ጋሽ ተፈራ ኀዘን ቤት መጥተው፣ «ግድ የለም፣ ተራውን ሌላ ሰው ይወስደዋል» አሉ። እማዬ እሺ አላለችም።

«ልጄ የእመቤቴን ጽዋ አንስቶ ቀረ አይባልም፣» አለች። «ያነሣውን ሳያደርስ ነፍሱ እንዴት ታርፋለች? እኔ አደርስለታለሁ፣ ዐርባው ይለፍ ብቻ።»

ዐርባው አለፈ፣ እሑድ ማኅበሩ እኛ ቤት ሊሆን ተቀጠረ፣ ጽዋዋ ግን የለችም። ቤቱን ገለበጥነው። ፍራሽ አነሳን፣ ቦደኑን አራገፍን፣ ቦደን ማለት ምድር ቤት ያለችው የዕቃ ማስቀመጫ ናት፣ የለችም። እማዬ መብላት አቆመች። ሌሊት ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ እሰማታለሁ፣ «የት አደረግካት የኔ ጌታ፣ የት አደረግካት» ትላለች፣ እመኑኝ፣ ከለቅሶዋ ይልቅ ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

ዓርብ ኦድቫር ደወለ። ኦድቫር የዚያ ቤት ቫክትመስተር ነው፣ ቤቱን የሚጠብቅና የሚጠግን ሽማግሌ ኖርዌጂያዊ። የብሩክ ዕቃ የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አለ፣ ና ውሰድ አለኝ። እማዬ ስልኩን ስዘጋ ፊቴን ብቻ አየችው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ዞረች።

ሌሊት ነበር ብላችሁ ታሪኩ ያምር ነበር፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች ከባርነሃገ፣ ማለት ከመዋዕለ ሕፃናት፣ የሚወጡበት ሰዓት ነው። ታኅሣሥ ላይ ኦስሎ በዚያ ሰዓት ድቅድቅ ይላል፣ ታውቁታላችሁ።

ኦድቫር በሩን ከፈተልኝና ቆሞ አየኝ።

«ታናሹ ነህ።»

«አዎ።»

«ትመስለዋለህ። እሱ ግን ያወራ ነበር።»

ከመግቢያው ቀጥሎ ትልቁ አዳራሽ ነው፣ ደጃፉ ላይ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የእመቤታችን ሥዕል። ግድግዳውን የሞላች ናት፣ ካባዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ከካባዋ ሥር ነጭ የለበሱ ሰዎች ተንበርክከዋል፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቆብ አጥልቀው ፊታቸውን ሸፍነዋል፣ ለዓይን ብቻ ቀዳዳ አለው። እና እኔ ምን አደረግኩ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። አስቤው አይደለም። እሷ ፊቴ ቆማ እግሬ ራሱ አወለቀ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደማደርገው። ያ አግዳሚ ባዶ ነበር። የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ፣ ጃኬቴን አጠገቤ አድርጌ መልሼ አነሳሁት፣ ምንም አልነበረበትም። ይኼን ያዙልኝ።

ኦድቫር ሳቀ። «አይ አይ አይ! አንተም? ወንድምህን ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ ወለሉ በረዶ ነው፣ ትታመማለህ አልኩት። ‹እሷ ፊት በጫማ አልሄድም› ይለኛል። አዳራሹን በካልሲ ነበር የሚያጸዳው።»

«ፊታቸውን ለምን ሸፈኑ?» አልኩት፣ ሳቁ እንዲያልፍ ብዬ።

«ወገን የሌለውን ሰው ሬሳ እየተሸከሙ ይቀብሩ ነበር። ማን እንደቀበረ እንዳይታወቅ፣ ማንም እንዳያመሰግናቸው።»

እድርና ጽዋ ማኅበር አንድ ላይ ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ አየሁት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረዋል፣ ጫፍ ላይ ያለው አንዱ ግን አንገቱን መልሶ ወደ እኛ ነው የሚያየው።

«ያኛውስ?»

«አይታወቅም። ሠዓሊው ራሱ ነው የሚሉ አሉ። ወንድምህ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው።»

«ምን ይል ነበር?»

«ሰው እየጠበቀ ነው፣ ይል ነበር።» ኦድቫር ትከሻውን ሰበቀ። «መቀየሪያው ታች ነው፣ ክፍሎቹን ጨርሰህ ደረጃውን ውረድ። መብራቱ ሰው ሲያይ ራሱ ይበራል፣ ሰው ሲያጣ ይጠፋል። እኔ ደጅ ጨው ልበትን፣ አንድ ሰው አንሸራትቶት እግሩን ሳይሰብርብኝ።»

ወጣ። እኔ በካልሲዬ አለፍኩ። ክፍሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ ስገባ ይበራል፣ አልፌ ስሄድ ከኋላዬ ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ ሬሳ የተሸከሙ ባለቆቦች፣ ፋኖስ የያዙ ባለቆቦች። ፈጥኜ ወረድኩ።

የብሩክ ቁም ሣጥን ውስጥ ሹራቡ ነበረ፣ የእጅ ቅባት፣ ብቻዋን የቀረች አንዲት ካልሲ። በቃ። ሹራቡን አራገፍኩት፣ እጄን እስከ ጥግ ድረስ ሰደድኩ፣ የለችም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምገባ ነበር የማስበው፣ ሌላ ነገር አልነበረም ጭንቅላቴ ውስጥ፣ እመኑኝ፣ ፍርሃት እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሰው እየሄደ ነው። ግን የጫማ ድምፅ አይደለም፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ጨርቅ በእንጨት ላይ ሲንሸራተት፣ ሽው... ሽው... ይላል። ኦድቫር ነው አልኩ። ኦድቫር ግን ያደረገው ትልቅ የክረምት ቦት ጫማ ነው፣ ሲራመድ ቤቱ ይሰማዋል። ቀጥሎ የባልዲ ጎማ ሲጢጥ ሰማሁ፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል።

ሹራቡን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው አናት ላይ ስደርስ ከበላዬ መብራቱ በራ፣ እኔ ነኝ ያበራሁት፣ ይሁን። ግን ከወዲያኛው ጫፍ፣ አዳራሹ ጋ፣ እዚያም በርቷል። ቆምኩ። ሰው ሲያጣ ይጠፋል ብሎኛል አይደል፣ ያለ እንቅስቃሴ ስቆም የእኔ መብራት ጠፋ፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጠረኝ። የወዲያኛው ግን አልጠፋም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ክፍል በራ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ እኔ የሚቀርበው። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ ወለሉ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ግን በርቷል።

«ኦድቫር?» አልኩ።

ጎኔ መስኮት አለ፣ በዚያ ወደ ደጅ አየሁ። ኦድቫር የመንገዱ መብራት ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ጨው ይበትናል።

ዜማውን የሰማሁት ያኔ ነው። ማንጎራጎር ነው እንጂ ቃል የለውም። ብሩክ ሥራ ሲሠራ የሚያንጎራጉራት አንዲት የመዝሙር ስንኝ አለች፣ ቀጣዩን ስለማያውቀው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቆማትና ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ስንት ጊዜ «ወይ ጨርሳት ወይ ተዋት!» ብዬ ትራስ ወርውሬበታለሁ። እዚያችው ቦታ ላይ ቆመች። ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ብሩኬ?» አልኩ።

ዜማው ተቋረጠ። ክፍሎቹ አንድ ባንድ፣ ከእኔ እየራቁ፣ ጠፉ። አዳራሹ ብቻ ቀረ።

መውጫው በዚያ ነው፣ ሌላ በር የለም። ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ፣ የእኔ መብራት ከበላዬ ሲበራ እንኳ እደነግጥ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። አግዳሚው ላይ፣ እኔ የተቀመጥኩባት ቦታ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የተጠለፈው መስቀል ወደ ላይ። ከሥሩ ጫማዬ። አፉን ወደ በሩ አዙሮ፣ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ።

ሥዕሉን አላየሁም። ያ ጫፍ ላይ ያለው ወዴት እንደሚያይ አታውቅም ወይ ብትሉኝ አላውቅም፣ ቀና ብዬ አላየሁም። ጽዋዋን አቅፌ እግሬን ጫማው ውስጥ ከተትኩ፣ ወዲያው ገባ።

በሩ ላይ ኦድቫርን ገጨሁት።

«አገኘህ?»

«አንተ ነህ እዚያ ያስቀመጥካት?»

«ምኗን?»

«ይቺን! አግዳሚው ላይ! ጫማዬንስ ማን ነው ያዞረው?»

«ከወጣሁ ጀምሮ ደጅ ነኝ ልጄ፣» አለና ወደ እግሬ አየ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ። ቀልድ የሚወድ ሰው ነው ግን አልቀለደም። «የእኔንም ቦት ያዞርልኝ ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ። በሩን ቆለፈና ሁለት ጊዜ ስቦ አረጋገጠ።

ለእማዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አገኘኋት አልኳት። ጨርቁን ስማ፣ አልቅሳ፣ ከብዙ ቀን በኋላ በላች። እሑድ ማኅበሩ ሆነ፣ ቤቱ ሞላ፣ ጋሽ ተፈራ ጽዋዋን አንስተው ከመረቁ በኋላ «ብሩክ ያነሣውን አደረሰ፣ ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን» አሉ፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እኔም አልኩ፣ እውነት እላችኋለሁ ከልቤ ነው ያልኩት፣ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደልኝ። አለቀ አልኩ። አደረሰ፣ ሄደ።

እንግዶቹን ልሸኝ ወደ በሩ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ የጫማ ክምር ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ። ከመካከላቸው አንድ ጥንድ ብቻ ሰው ቦታ እንዳስለቀቀለት ለብቻው ቆሟል። የእኔ ነው። አፉ ወደ በሩ፣ ክሩ ወደ ውስጥ። የሌላ የማንም ጫማ አልተነካም። የእማዬም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጫማዬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምተኛው። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ። ጠዋት ስነሳም እንዳዞርኩት ወደ ግድግዳው ነው የማገኘው፣ ስለዚህ ያ ቀን እንዲሁ ሆኖ ነው፣ አልፏል ማለት ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከወትሮው ቀደም ብዬ ነቃሁ። ከክፍሌ ስወጣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ በሩ ሥር ተንበርክካለች፣ ጫማዬን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ከበሩ ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፣ የገባውን ክር በጣቷ እያወጣች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«ወለሉን እየጠረግኩ ነው፣» አለችኝ። «ሂድ ተኛ፣ ገና ነው።»

እጇ ላይ መጥረጊያ አልነበረም።