የተጣለው ፍተሻ

ውዳሴ ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ኪቦርዱን ገልብጣ አቧራውን ታራግፋለች። ሲሚንቶ ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ይሄ ፊት እንደ መታጠብ ነው፤ አቧራው ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። የፋብሪካው የሶፍትዌር ባለሙያ እሷ ብቻ ነበረች። ኮንትሮል ሩሟ ከትልቁ ምድጃ ራስጌ በብረት ምሰሶዎች ላይ የቆመች የመስታወት ክፍል ናት፤ ወደ እሷ የሚያደርሰው የብረት ደረጃ ደግሞ በሚወጣው ሰው ሁሉ ላይ ያሳብቃል። የምድጃው ፎርማን ጋሽ አስራደ ሲወጡ እርከኑ ሁሉ እየተነጠለ ያቃስታል። ታናሽ ወንድሟ ይትባረክ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ስለሚወጣ ገና ከታች ስትሰማው ፈገግ ትላለች።

ያን ሳምንት ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር። በዓመት አንዴ ያቆሙታል። ስልሳ ሜትር የሚረዝም፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡን እሳት የሚችል ጡብ ለብሷል፤ ጡቡ ሲበላ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ በር ገብተው ይቀይሩታል። እያንዳንዱ ሰው ሄልሜቱ ላይ ባጅ አለው፤ በሩ ባጁን ያነባል፤ ደፉ ላይ የተተከለው ሚዛን ደግሞ ክብደቱን ይመዘግባል። ሚዛኑ ለጌጥ አልገባም። ሠራተኞቹ ለምሳ ቀድሞ የሚወጣ ጓደኛ ካገኙ "የኔንም ሄልሜት ይዘህልኝ ውጣ" እየተባባሉ፣ ውስጥ ያለው ሰው እንደወጣ እየተቆጠረ አስቸግረው ነው። አሁን ሲወጣ የተመዘነው ሲገባ ከተመዘነው በሁለት ኪሎ ከበለጠ ወይም ካነሰ ፕሮግራሙ መውጣቱን አይቀበልም። ቆጠራው ዜሮ ካልሆነ ደግሞ እሳት አይለኮስም።

ሰኞ ዕለት ይህን የሚቆጥረው አሮጌ ኮምፒውተር በአቧራ ታፍኖ አረፈው። አዲስ መጣ፤ የድሮው ፕሮግራም ግን በአዲሱ ላይ አልነሳም አለ።

"ከዚያ ገልብጠሽ እዚህ ማስቀመጥ ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል?" አሉ ጋሽ አስራደ። ሶፍትዌር ማለት እሳቸው ዘንድ ከአንድ መኪና ወደ ሌላ የሚጫን ጆንያ ነው።

ውዳሴ ግን ከሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሰው ከጻፈው ጽሑፍ፣ እንደገና ልትገነባው ግድ ነበር። ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ነው፤ ለኮምፓይለሩ "ይህን አድርግ፣ ያንን ተው" የሚሉትን አጫጭር ትእዛዞች ፍላግ ይሏቸዋል። ከእሷ በፊት የነበሩት አቶ ኃይለልዑል ጡረታ ሲወጡ ፍላጎቻቸውን ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ ፋይል ውስጥ ደርድረው ትተው ሄደዋል። የመጀመሪያውን ፍላግ አዲሱ ኮምፓይለር አላውቀውም ብሎ ቆመ። ማስጠንቀቂያ አታሳይ የሚል ነበር። ስታነሳው የተቀበረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ስክሪኑን ሞልቶ ፈሰሰ፤ አንድ በአንድ ስታስተካክል ሁለት ቀን ፈጀባት። ሁለተኛው ፍላግ ምንም ሳያስቸግር አለፈ፤ ውዳሴን ያስደነገጣት ግን እሱ ነው። ፍተሻዎቹን ሁሉ ጣል ይላል። ክብደትን ከክብደት የሚያመሳክረው ፍተሻ ኮዱ ውስጥ በሚገባ ተጽፏል፤ ያነበበው ሰው ሁሉ አለ ብሎ ይተማመናል፤ ተገንብቶ በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ ግን ለዓመታት አልነበረም።

በጣም ተናደደች። እዚያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚውለው ወንድሟ ነው። ሥራውን ለምና ያስገኘችለት እሷ ናት፤ እናታቸውም ሲሸኙት የሱን ሳይሆን የሷን እጅ ይዘው "አደራ" ያሉት እሷን ነው። ፍላጉን ሰረዘችና ፕሮግራሙን እንደገና ገነባችው። አራት ደቂቃ ወሰደ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዎቹ የመጨረሻዎቹን ጡቦች ሊያስገቡ ሲገቡ አዲሱ ፕሮግራም አሥራ ሁለቱንም ቆጠረ። ባጅ ሰባት፣ ይትባረክ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። ስድስት ሰዓት ላይ እየተንጠባጠቡ ወጡ፤ ቆጠራውም አሥራ አንድ፣ አሥር፣ ዘጠኝ እያለ ወርዶ አንድ ላይ ቀረ። ውዳሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ባጅ ሰባት፣ ሲገባ ስልሳ አንድ፣ ሲወጣ ዜሮ፤ መውጣቱ አልተመዘገበም ይላል።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ወረደች። ራሷ ቆመችበት፤ ሃምሳ ስምንት። ጋሽ አስራደን ለምና አቆመቻቸው፤ ሰማንያ ሦስት። "አሁን ደግሞ እንደ በግ ልትመዝኚን ነው?" አሉና ሰዓታቸውን አዩ። እሳቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊለኮስ ነው፤ ማናጀሩ ሁለት ጊዜ ደውሏል።

ወደ ላይ ስትመለስ ይትባረክ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አይታው ደስ አላት፤ እፎይ አለች። ከዚያ ደረጃውን ሲወጣ እንዳልሰማችው ትዝ አላት። ታች ሆና እንኳ ይሰማ ነበር። ወንበሩም ሰው ሲነካው የሚንጫጫ አሮጌ ወንበር ነው፤ እሱ ወደ እሷ ሲዞር አንድም ድምፅ አላወጣም።

"በላህ?" አለችው።

"በልቻለሁ፣ ውዳሴ።"

ይትባረክ እህቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። "ኢንጂነሯ" ነው የሚላት፣ ሊያበሽቃት። ውሃ ቀዳችለት፤ ኩባያውን ተቀብሎ ሳይቀምስ ጭኑ ላይ ያዘው። ከምድጃው የሚወጡ ሰዎች ላባቸው አቧራውን እያረሰ ፊታቸው ላይ መስመር ያወጣል፤ ከሩቁም የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ይሸታሉ። የሱ ፊት ላይ አቧራው እንደ ዱቄት እኩል ተነፍቷል፣ ምንም መስመር የለበትም፤ ክፍሉም ምንም አልሸተተም። ደክሞት ይሆናል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች።

"ያን ፍላግ መልሺው" አላት።

ስለ ፍላጉ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች፣ የመስታወቱን በር ከኋላዋ ዘጋች፣ አቶ ኃይለልዑል ዘንድ ደወለች።

"ፍተሻውን የሚጥለውን ፍላግ ለምን አስገቡት?" አለቻቸው።

 ከሽማግሌው ኋላ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ አጠፉት።

"አነሳሽው?"

"አነሳሁት።"

"ስንት ኪሎ አለሽ?"

"ዜሮ።"

"እንደሱ ነው የሚለው። በዓመት አንዴ፣ አንድ ሰው ላይ። ሰውዬው ደግሞ ፊቴ ቆሞ ያነጋግረኛል፤ ታዲያ ማንን ልመን? ሚዛን አስቀየርኩ፣ ገመድ አስቀየርኩ። ሦስት ዓመት ቆጠራውን በእጄ ዜሮ እያደረግኩ አሳለፍኩት። በአራተኛው ፍላጉን አስገባሁና ተገላገልኩ።"

"ሰዎቹስ?"

"ሦስቱም በሳምንታቸው ሥራ ለቀው ሄዱ ተባለ። ቤተሰቦቻቸው ግን ፋብሪካው በር ድረስ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር፤ ቤት አልደረሱም።" ትንፋሻቸው ስልኩ ውስጥ ገብቶ ወጣ። "ውዳሴ፣ እሳቱን ለኩሳችኋል?"

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። በመስታወቱ ውስጥ ይትባረክ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ያያት ነበር፤ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም። ልትወርድ ብላ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ያዘች፤ ብረቱም መዳፏ ውስጥ ነዘረ። ሁለቴ፤ ቆም ብሎ ደግሞ ሁለቴ። ለእሳቱ ዝግጅት ታች ገና አሁን የተነሳው ማራገቢያ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ብረት ለብረት ተላልፎ እጇ ላይ ብቻ ነበር የደረሰው። ከምድጃው ሆድ ነው የሚመጣው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም።

"ሰው ውስጥ አለ" አለቻቸው ጋሽ አስራደን።

"ማን?"

"ይትባረክ።"

ጋሽ አስራደ ወደ መስታወቷ ክፍል አንጋጠጡ። "ያው ተቀምጦ የለም እንዴ? ምን ነካሽ ልጄ? ሦስት ቀን አልተኛሽም፤ ዓይንሽ ደም መስሏል።"

"ገብቼ ልይ። አሥር ደቂቃ። እኔ ሳልወጣ እሳት እንዳያስለኩሱ፣ በልጆችዎ።"

ቅር አላቸው፤ ግን የልጆቻቸው ስም ሲጠራ እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። የራሳቸውን ሬዲዮ ሰጧት፣ እሳቸው የረዳታቸውን ያዙ፣ ሄልሜት አጠለቁላት። "አንቺ ሳትወጪ ማንም ክብሪት አያነሳም፤ እኔ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ" አሉ። ደፉን ስትረግጥ ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት አለ።

ውስጡ ከውጭ ይሞቃል፤ አየሩ የቆመ ነው፤ አዲሱ ጡብ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች የበሩ ብርሃን ከኋላዋ ጠበበና ሳንቲም አከለ፤ የማራገቢያው ድምፅ ርቆ የራሷ ትንፋሽ ከዙሪያው ግድግዳ እየተመለሰ ይሰማት ጀመር፣ አንዳንዴም ከምትተነፍሰው ትንሽ ዘግይቶ። ባትሪዋን ወደፊት አበራች። ከጥልቁ ሌላ ባትሪ በርቶ መለሰላት። ቆመች፤ ያም ቆመ። ባትሪዋን ዝቅ ስታደርግ ያኛው ዝቅ አለ። የአዲሱ ጡብ ነጸብራቅ ነው ብላ እየፈራች ቀጠለች፤ ብርሃኑም ጠፋ፤ በቀኝ ትከሻዋ በኩል አየሩ ሰው እንዳለፈበት ተገፋ። ዞር ስትል ማንም አልነበረም።

ይትባረክን ያገኘችው ከአንድ የወደቀ መሰላል ወዲያ ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች የጡብ ክምር ስር ነው፤ በእጁ መዶሻ ይዟል። ፊቱ ላይ ላቡ መስመር በመስመር ወርዷል፤ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታው አፍንጫዋን ሲሞላው እዚያው አለቀሰች።

"ኢንጂነሯ" አለ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። "ቆየሽ።"

ሄልሜቷ ዓይኗ ላይ እየወረደ ስላስቸገራት አውልቃ ከጎኗ አኖረችው። ጡቡን በሁለት እጇ እያነሳች መወርወር ጀመረች፤ ጥፍሯ ተገለበጠ፣ አልተሰማትም። እሱ በትንሽ ድምፅ ያወራ ነበር።

"ስጮህ አንድ ሰው መጥቶልኝ ነበር። አይረዳኝም፤ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ ዝም ብሎ ያየኛል። ቆይቶ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አመጣው። የኔ ፊት ነው፣ እህቴ። ሄልሜቴን ከጎኔ አንስቶ አጠለቀና ወደ በሩ ሄደ።"

የመጨረሻውን ጡብ አነሳችለት። እግሩ ተሰብሯል፤ ግን ይጎተታል፤ በሩም ሩቅ አይደለም፤ ጋሽ አስራደ ቃላቸውን ይጠብቃሉ። እናቷን አሰበች፤ አደራዋን ልታደርስ ነው። ብብቱ ስር ገብታ ልታነሳው ስትል ሄልሜቷን ልታጠልቅ እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች። መሬቱን ዳበሰች። ባትሪዋን አዙራ አየች፤ አቧራው ላይ የሄልሜቷ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ሬዲዮውን ይዛ ጮኸች፤ ብረቱ ድምፅዋን አልፎ አላስወጣላትም፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ መለሰላት። ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ሳንቲም የሚያህለው ብርሃን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ የበሩ ብሎን ሲጠብቅ የብረት ጩኸቱ ቱቦውን ሁሉ ዞረ። ወንድሟን ጎትታ ሦስት እርምጃ እንደሄደች ከውጭ የሚመጣውን ብቻ የሚያሳልፍ ይመስል ሬዲዮው ድምፅ አወጣ።

"ታዲያ አላልኩሽም ልጄ፣ ባዶ ነው?" አሉ ጋሽ አስራደ። "ፕሮግራሙስ?"

"ልክ ነበሩ፣ ጋሽ አስራደ፤ ፍላጉን መልሼዋለሁ፣ ቆጠራው ዜሮ ነው፣ ይለኩሱት" አለ ከላይ ከመስታወቷ ክፍል የውዳሴ የራሷ ድምፅ።