የተደፈኑት ሁለት ቀዳዳዎች

መምህር ገብረአማኑኤል በሐምሌ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተው ተገኙ። በሶዶ ከተማ ሃያ ዓመት ያህል ያስተማሩ፣ ሚስታቸው ያረፈችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈጠነች ናት። ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ በራቸውን ብታንኳኳ መልስ አጣች፤ ስትገፋው ተከፈተ።

የመቶ አለቃ ዱባለ ሲደርስ ገና ብርሃን ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። መምህሩ እንቁላል የሚያስፈለፍሉበት የእንጨት ሳጥን ጥግ ይዞ ቆሟል። በጎኑ ፋኖስ ያሞቀዋል፤ ከእንቁላሎቹ ሥር የውሃ ሳህን ተቀምጦበታል። ሟቹ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተኝተዋል። ፊታቸው የጤነኛ ሰው ያህል ቀልቷል። አጠገባቸው ክፍሉን ለማሞቅ የገባ የከሰል ምድጃ አለ። አየር እንዲገባና እንዲወጣ በጓሮው ግድግዳ ላይ አንዱ ከወለሉ በላይ፣ ሌላው ከጣሪያው ሥር የተከፈቱት ሁለት ቀዳዳዎች በጆንያ ቁራጭ ተደፍነዋል።

«ራሳቸው ናቸው የደፈኑት» አለ አብሮት የመጣው ፖሊስ። «እርጥበቱ እንዳይወጣባቸው ብለው ይሆናል።»

ዱባለ ወደ ጥጉ ሄደ። ከሳጥኑ ላይ የመምህሩን ደብተር አንስቶ የዕለቱን የጠዋት ጽሑፍ አነበበ፦

«አሥራ ዘጠነኛ ቀን። ሁለተኛ ሳህን ውሃ ገብቷል። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ይከፈቱ፤ ጫጩቱ በዛጎሉ ውስጥ መተንፈስ ጀምሯል። እርጥበት በውሃ ይመጣል እንጂ በማፈን አይመጣም።»

«ይህን በጠዋት የጻፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ቀዳዳ አይደፍንም» አለና ወደ ጓሮ ዞረ።

ዝናቡ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወርዶ አባርቷል። የጓሮው ግድግዳ እስካሁን ርሷል፤ ጆንያው ግን ደረቅ ነው። ከላይኛው ቀዳዳ ሥር ጭቃው ላይ ሦስት ክብ ጉድጓዶች ታትመዋል፤ ሰው በርጩማ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ክፍሉ ተመልሶ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አበራባቸው። በአንዱም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አላየም።

መጀመሪያ ፈጠነችን ጠየቃት።

«እንዴት ሞቱ? ምን አገኛቸው?» አለችው እያለቀሰች።

«ጆንያውን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?»

«እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ዘማሪው ሁሉ ያውቃል። ግን ለምን እዋሻለሁ፣ ክፍት ሆኖ ባየው ለደግ ብዬ እደፍነው ነበር። እንቁላል ብርድ አይወድም፤ ዶሮም በክንፏ ነው የምትሸፍነው።»

ቀጥሎ ከቤሌ የመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም አንጁሎ ነበር። ረጅም ነው፤ በሩን ያለፈው ጎንበስ ብሎ ነው።

«ምን ሆኖ ሞተ?» አለ። «ቀትር ላይ እዚሁ በር ላይ ተጣላን። ከእኛ ጋር ኑር አልኩት፤ እንቁላሌን ትቼ አልሄድም አለኝ። ተናድጄ ጠጅ ቤት ገባሁ።»

ሦስተኛው አቶ ቶማ ናቸው፤ በመንገድ ሥራ ካቦ የነበሩ፣ ከጓሮ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ዱባለ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መርዶውን ነገራቸው።

«ቤት ነበር እንዴ?» አሉ።

ከፊታቸው የገበጣ ገበታ ተዘርግቷል፤ ጠጠሮቹ በሁለቱም በኩል ተደርድረዋል።

«ከማን ጋር ይጫወታሉ?»

«ከራሴ ጋር።»

በማግስቱ ጠዋት ዱባለ ሦስቱንም በሟቹ ግቢ ሰበሰባቸው።

«መምህሩን የገደላቸው የከሰሉ መርዝ ነው» ሲል ጀመረ። «ሌሊት ፋኖሱን ሲጠብቁ ስለሚያድሩ ቀን ይተኛሉ። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሳሉ ከሰሉ አንድም ቀን አልጎዳቸውም። የደፈነው ሰው የመጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጆንያው ደረቅ ነበርና። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፈጠነች መዝሙር ላይ ነበረች።»

«እኔስ?» አለ አንጁሎ።

«አንተ እጅህን ብትዘረጋ ጣሪያውን ትነካለህ፤ በርጩማ ምን ያደርግልሃል? ደግሞ ሰውን ለመግደል የፈለገ እንዲህ አያደርግም። በሩ አልተቆለፈም፤ መምህሩ ቢነቁ ከፍተው ይወጡ ነበር። የተፈለጉት ጫጩቶቹ ናቸው። በዚህ ሰሞን አየር ካጡ እንደሚያልቁ የሚያውቅ፣ መምህሩ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንቁላል ሊገዙ ቦዲቲ እንደሚሄዱም የሚያውቅ ሰው ነው። ትናንት ዝናቡ አስቀርቷቸዋል። ሰውየው በጓሮ ስለመጣ በሩ ከውጭ እንዳልተቆለፈ አላየም።»

ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ሰው ሞተ ሲባል ሁሉም ‹እንዴት?› ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎ ብቻ ‹ቤት ነበር እንዴ?› አሉኝ፣ አቶ ቶማ።»

አቶ ቶማ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሱን ኢሻ ነበር የምለው» አሉ። «ወንድሜ ማለቴ ነው። ሚስቶቻችን ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ ገበጣ እንጫወት ነበር። ይህ ሳጥን ከገባ ስምንት ወር ሆነ። ‹ዛሬ ውሃ እጨምራለሁ፣ ዛሬ እንቁላል አገላብጣለሁ› ይለኛል። እኔም ልማር ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ አየሩም ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው አያነሳም። አንድ ጊዜ ቢከስርበት ይተወዋል ብዬ ነው። ወደኔ ይመለሳል ብዬ...»

«እኔም ጎረቤትዎ ነበርኩ» አለች ፈጠነች። «አንድ ቀን እንኳ ቸገረኝ አላሉኝ።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ? ሰው ናፈቀኝ ይባላል?»

አንጁሎ ሊመታቸው የተነሳ መስሎ ነበር። አጠገባቸው ሲደርስ እጁ ወረደ። «እኔም እስከ ትናንት ሦስት ዓመት ሙሉ መጥቼ አላየሁትም» አለና ፊቱን አዞረ።

ዱባለ የአቶ ቶማን እጅ አላሰረም። ወደ ጣቢያው ጎን ለጎን ወጡ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌውን ከፖሊስ ጋር ያየ ሁሉ እየቆመ፣ «አቶ ቶማ፣ ምነው? ደህና ነዎት ወይ?» ይላል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ባርኔጣቸውን እያነሱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» እያሉ መለሱ። ዱባለ ሳያቸኩላቸው ጠበቃቸው።