መልስ ያላገኘ ክላክስ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የአንዲት ልብስ ሰፊና የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነገር ነው።

ሾፌሩ ሸሚዙ በተቀደደ ቁጥር ወደ እሷ ይሮጣል። ሰፈሩ ግን «ራሱ ነው የሚቀደው» እያለ ያማው ነበር።

አንድ ቀን ለሙሽራ ቀሚስ የሰጎን ላባ ፈለገች። እሱ ከተራራው ማዶ ላለው የሰጎን እርባታ መኖ ያመላልሳልና፣ «ውሰደኝ» አለችው። ወሰዳት።

እርባታው እንደደረሱ አንዱ ሰጎን አንገቱን በአጥሩ አሻግሮ የቀሚሷን ቁልፍ ንጭት አደረገና ዋጠው።

«ውይ፣ ቁልፌን በላብኝኮ!»

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ እሱ ዓይኑ ቆንጆ ላይ ነው» አሉ ሽማግሌው ጠባቂ። ወደ ሾፌሩ ዞር ብለው፣ «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ሰጎን ይቅደምህ?»

ሾፌሩ የሚገባበት ጠፋው። እሷ ሳቋን ሽማግሌው በሰጧት ላባ ሸፈነች።

ሲመለሱ ተራራውን ወጡ። መንገዱ ገደሉን ታክኮ ይጠማዘዛል፤ ሸለቆው ከታች በጭጋግ ተሞልቷል። ወዲያ ማዶው በማይታይበት መታጠፊያ ሁሉ ሾፌሩ ክላክስ ይነፋና ጆሮውን ይጥላል።

«ምን ትሰማለህ?»

«የሚመጣ መኪና ካለ ይመልስልኛል፣ እቆምለታለሁ። መልስ ከሌለ መንገዱ ነፃ ነው፤ እሄዳለሁ።»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቆመ። እጁን ከመሪው ሳያነሳ፣

«ሩቅ አገር ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። «‹ቅር› ካልሽኝ እቀራለሁ፤ አብረን እንኖራለን።»

ልቧ ድው ድው አለ። እናቷ ግን ያሳደገቻት፣ ሴት ልጅ መጀመሪያ ስትጠየቅ ዝም ትላለች፣ ሲደገም ነው እሺ የምትለው እያለች ነው። ላባውን እየደባበሰች አቀረቀረች። አሁን ይደግመዋል ብላ ጠበቀች።

እሱ ጆሮውን ጥሎ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

ቁልቁለቱን ወረዱ። በሯ ላይ አውርዷት፣ «በይ ደህና ሁኚ» አላት። እሷ ግን ነገ ሸሚዙን ቀዶ ይመጣል ብላ መርፌዋ ላይ ክር አስገብታ አደረች።

አልመጣም። ሲነጋ ሄዷል አሏት። የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም።

ነገሩ የገባት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ላባውን ስትሰፋ፣ ከመንገድ ክላክስ የሰማች ጊዜ ነው። ለካ እዚያ ተራራው ጫፍ ላይ የሚጠብቀው መልስ ኖሯል። ለካ ዝምታዋን መንገዱ ነፃ ነው ብሎ ሰምቶታል። መርፌው ጣቷን ወጋት።

«ቅር» አለች ቀስ ብላ። ክፍሉ ውስጥ ከቀሚሱ በቀር ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚወዳችሁ ሰው ጠይቋችሁ ጆሮውን የጣለ እንደሆነ፣ ያቺን ልብስ ሰፊ አስታውሱልኝ።