ከሁለት መቶ ገጽ ያልበለጠ

«ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች ሚጡ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ቁጥር በጣቷ እየጠቆመች። «አሥራ አራት ገጽ ተርፏል፣ አባዬ።»

አባቷ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ አየ። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሀል ነው። ሰው ከኋላዋ ከቆመ ሚጡ መውጫ የላትም፤ ዛሬ ደግሞ አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀም። አሳታሚው የሰጣቸውን ወረቀት ስክሪኑ ዳር በፕላስተር ለጥፋዋለች። የፊደሉ መጠን አሥራ ሁለት፣ የመስመሩ ርቀት አንድ ተኩል፣ ኅዳጉ በአራቱም በኩል ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር፣ ከሁለት መቶ ገጽ ያልበለጠ። ከታች በደማቁ «ይህን ያላሟላ ረቂቅ አይነበብም» ይላል። ረቂቁን በፍላሽ የሚረከቡት ዛሬ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

«ፊደሉን ትንሽ ብናሳንሰውስ?» አለ አባቷ።

«ያውቁብናላ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አንድ ምዕራፍ ማውጣት ነው።»

ልክ አሁን የመጣላት ሐሳብ ለማስመሰል ሞከረች። እውነቱን ለመናገር ግን ይህችን ዐረፍተ ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትለማመዳት ከርማለች።

አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ይህን ልቦለድ በምሳ ሰዓቱ፣ የሰው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ስድስት ዓመት ጽፎታል። ሰባት ደብተር ሞልቷል። የእጅ ጽሑፉን ከሚጡ በቀር ማንበብ የሚችል የለም። እናቷማ አንድ ቀን ሞክራ፣ «ይኼን ለማንበብ መነጽር ሳይሆን ጠንቋይ ነው የሚያስፈልገው» ብላ ትታዋለች።

«ያነበብሽው አንቺ ነሽ» አለ አባቷ። «የትኛው ቢወጣ ይሻላል?»

«ዘጠነኛው። ልክ አሥራ አራት ገጽ ነው። ታሪኩንም አይነካውም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ውሸት ነበረች። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አንድ አናጺ የትምህርት ቤት በር ሊጠግን ይሄዳል። እዚያ የሚማረው የአናጺው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በዚያ ሲያልፍ አንዱ «ሰውዬው ያይሃል፤ ታውቀዋለህ እንዴ?» ይለዋል። ልጁም «የት አውቄው!» ብሎ ያልፋል።

መጽሐፉ ውስጥ አናጺና ወንድ ልጅ ናቸው። አምና ግን ቧንቧ ሠራተኛውና ሚጡ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ውሃ የጠፋ ቀን አባቷ ሰማያዊ የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተንበርክኮ ነበር። ጓደኛዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ኧረ ሼም! ሰውዬው እኮ አንቺን ነው የሚያየው፤ ታውቂዋለሽ?» አለቻት። ሚጡ ዐይኗን በጨው አጥባ «የት አውቄው!» አለች። አባቷ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አልሰማም እያለች ዓመት ሙሉ ራሷን ስታጽናና ኖረች። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ልትተይብ የተቀመጠች ዕለት ግን ጉድ ፈላ፤ የገዛ ቃሏን በአባቷ እጅ ጽሑፍ አገኘችው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ እሱም አንድ ቃል አልተነፈሰም። መጽሐፉ ታትሞ ጓደኛዋ እጅ ቢገባስ? «ይኼ ነገር አንቺን አይመስልም?» ብትላትስ ምን ልትመልስ ነው?

«እሺ» አለ አባቷ በመጨረሻ። «አንቺ ካልሽ ይውጣ።»

ልብሱን ሊቀይር ሄደ፤ ከአሳታሚው ቤት በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሚያልፈው። ለምን ብሎ አለመጠየቁ ከቁጣ ባሰባት።

ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር መርጣ ቆረጠችው። ቁጥሩ ሁለት መቶ ላይ ቆመ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን ወዴት እንደገባ እንጃ።

ይኼኔ ፕላስተሩ ለቀቀና ወረቀቱ ጭኗ ላይ ተገልብጦ ወደቀ። ለካ ጀርባውም ጽሑፍ አለው። «በአንቀጽና በአንቀጽ መሀል ባዶ መስመር አይተው።»

አባቷ ደብተሩ ላይ አንድ አንቀጽ በጨረሰ ቁጥር አንድ መስመር ይዘላል፣ በኋላ ለማረም እንዲመቸው። እሷ ደግሞ እንዳየችው ተይባዋለች፤ መጽሐፉን ሙሉ ባዶ መስመር! «አይ እኔ ደደብ!» ብላ ሁሉንም በአንዴ አጠፋቻቸው። ቁጥሩ ወረደ። መቶ ሰማኒያ ስድስት።

ሚጡ ቁጥሩ ላይ ፈጠጠች። ለዘጠነኛው ምዕራፍ ቦታ ተገኝቷል። አሁን የምታሳብብበት የለም። ግን ማን ያውቃል? አባቷ የወረቀቱን ጀርባ አላየም። ፍላሹን ነቅላ ብትሰጠው ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

«ሰዓቱ ሄደ እኮ!» እናቷ ከጓዳ ጮኸች። «መጽሐፍ ነው ወይስ ግንብ የምትሠሩት?»

«መጣሁ!» አለች፤ ከወንበሯ ግን አልተነሣችም።

የቆረጠችውን ምዕራፍ ለብቻው ከፈተችው። ያን ጊዜ መጨረሻውን የተየበችው ፊደል በፊደል፣ ለመገላገል ያህል ነበር፤ ምን እንደሚል ልብ አላለችውም። አሁን አነበበችው። አናጺው ቤቱ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ለሚስቱ ያወራል። «ዛሬ ልጃችንን ከጓደኞቹ ጋር አየሁት። እንዴት እንደተመዘዘ ብታዪ! እንዳላሳፍረው ብዬ ፊቴን አዞርኩ እንጂ፣ ጠርቼ ብስመው ደስ ባለኝ።»

እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ። አባቷ ፊት ለፊት ሊነግራት ያልቻለውን እዚህ ነው የጻፈው፤ እሷ ደግሞ ቆርጣ ልትጥለው ነበር።

የምዕራፉንም ባዶ መስመሮች አጥፍታ ቦታው መለሰችው። መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

አባቷ ቱታውን ለብሶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ዘጠነኛውም ገብቷል። ባዶ መስመሮቹን ሳጠፋቸው ቦታ ተገኘ።»

«ቢቀርም እኮ ምንም አይደል» አለ ቀስ ብሎ። «ከከበደሽ…»

«አይቀርም» አለች። «አባዬ፣ ያን ቀን ሰምተኸኝ ነበር አይደል?»

አባቷ ፍላሹን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ፈታው፤ መልሶ ቆለፈ።

«ውሃው ይጮህ ነበር» አለ። «ምን ይሰማል ብለሽ ነው!»

ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጠብ የሚል ውሃ አልነበረም። እሱም የተጠራው ለዚያ ነው። ሚጡ ግን ይህን አላነሣችም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ከጥጓ ወጣች።

«ቆየኝ፣ ጫማዬን ላድርግ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

«መንገዱ እኮ በትምህርት ቤታችሁ በር ነው። ዛሬ ኳስ አለ፤ ጓደኞችሽ ሁሉ እዚያ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

የመሣሪያ ቦርሳውን ከእጁ ተቀበለችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። ማንጠልጠያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀድማው ወጣች።